የ62 ዓመቱ ኪኒን በአንድ ሌሊት ለምን 750 ዶላር ሆነ?

ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው ፋንሲዳርን ያስታውሰዋል። ሦስት ፍሬ ነው። አንዴ በውኃ ይዋጣል፣ በቃ። ክሎሮኪን ወባውን አልመታ ሲል ኢትዮጵያ በ1998 ፋንሲዳርን ዋና የወባ መድኃኒት አድርጋ ያዘች። በ2004 ደግሞ ተራው የኳርተም ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚያ ዓመታት ቆላ የወረደ ወታደር፣ ሰሊጥ አጨዳ የሄደ የቀን ሠራተኛ፣ ገጠር የተመደበ አስተማሪ ሁሉ ያንን ኪኒን ያውቀዋል።

በአንዱ የፋንሲዳር ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። ሰልፋዶክሲን 500 ሚሊ ግራም፣ ፒሪሜታሚን 25 ሚሊ ግራም። ሁለተኛውን ስም ያዙልኝ። ፒሪሜታሚን ብቻውን፣ በዚያው በ25 ሚሊ ግራም መጠን፣ አሜሪካ ውስጥ ዳራፕሪም በሚል ስም ይሸጣል። ነሐሴ 2015 ላይ የአንዱ የዳራፕሪም ፍሬ ዋጋ ከ13 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተነሥቶ 750 ዶላር ገባ። ከ55 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያ ዋጋ ብናሰላው፣ አንድ አዋቂ የወባ በሽተኛ በሦስቱ የፋንሲዳር ፍሬ የሚውጠው ፒሪሜታሚን ብቻ 2,250 ዶላር ያወጣል።

መድኃኒቱ በዚያ ሌሊት አልተሻሻለም። አዲስ ጥናት አልተደረገበትም። ፋብሪካ አልተቃጠለም፣ ጥሬ ዕቃው ከዓለም አልጠፋም። የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ማርቲን ሽክሬሊ የሚባል የ32 ዓመት ሰው የሚመራው ቱሪንግ የተባለ አዲስ ኩባንያ የመድኃኒቱን የአሜሪካ መብት በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ወዲያው ዋጋውን ሰቀለው።

የዳራፕሪም ፓተንት፣ ማለትም መድኃኒቱን ብቻ የመሥራትና የመሸጥ የሕግ መብት፣ ካለፈ ደግሞ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ሕጉ ለማንም ክፍት ያደረገውን መድኃኒት አንድ ኩባንያ እንዴት ብቻውን ሊያስወድደው ቻለ? ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ስግብግብ ሰው ታሪክ ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን ሰውየው ባይኖርም ሌላ ሰው ያደርገው ነበር ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ፒሪሜታሚንን የሰጡን ገርትሩድ ኤልየንና ባልደረባቸው ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው። ኤልየን የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ አያታቸው በካንሰር ሞቱ። ሳይንስን የመረጡት በዚያ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ሴት ኬሚስት የሚቀጥር ቤተ ሙከራ ማግኘት ከባድ ስለነበር ብዙ ተንከራተዋል። የዶክትሬት ትምህርታቸውን ለመጨረስም አልቻሉም። ቡሮውስ ዌልካም በሚባለው ኩባንያ ከሂቺንግስ ጋር ሆነው ግን የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት የሚያክም ሜርካፕቶፑሪን የተባለ መድኃኒት አወጡ። ፒሪሜታሚንም ከዚያው ቤት ወጣ። ዳራፕሪም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1953 ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። የኤልየንን ስም አትርሱት፣ ወደ በኋላ ይመለሳል።

ዳራፕሪም በአሜሪካ ዋና ሥራው ቶክሶፕላዝሞሲስን ማከም ነው። ተሕዋሲው ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጤነኛ ሰው ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ አይታወቀውም። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ ግን ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት፣ የሰው ኩላሊት የተተከለለት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ማለቴ ነው። ለፅንስም አደገኛ ነው።

ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች የሆነ አንድ በሽተኛ እናስብ። በመጀመሪያው ቀን 8 ፍሬ ይወስዳል። ከዚያ በየቀኑ 2፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። 90 ፍሬ ነው። በድሮው ዋጋ 1,215 ዶላር። በአዲሱ 67,500 ዶላር። በሽተኛው ከ60 ኪሎ በላይ ከሆነ በቀን 3 ስለሚወስድ ሒሳቡ 98,250 ዶላር ይደርሳል። ከስድስት ሳምንቱ በኋላም በሽታው እንዳያገረሽ መጠኑን ቀንሶ መቀጠል አለ።

ኩባንያው «አብዛኛው ሰው ኢንሹራንስ አለው፣ መክፈል ለማይችል እንረዳለን፣ ትርፉንም የተሻለ መድኃኒት እንመራመርበታለን» አለ። ሐኪሞቹ አልተቀበሉትም። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር ዋጋው ይስተካከል ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ችግሩ ከፋዩ ማነው የሚለው ብቻ አይደለም። አንድ ሆስፒታል የአንድ ሰው መድኃኒት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከሆነበት ቀድሞ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። በሽተኛው በሌሊት ራሱን ስቶ ሲመጣ መድኃኒቱ የለም። ኢንሹራንሱ እስኪፈቅድ፣ አከፋፋዩ እስኪልክ ይጠበቃል። ጭንቅላት ውስጥ የገባ ተሕዋሲ ግን ወረቀት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ብዙ ሐኪሞች ወደ ኮትሪሞክሳዞል ዞሩ፣ ብዙዎቻችን ባክትሪም ብለን ወደምናውቀው። እኛ ሀገር ፒሪሜታሚን ብቻውን እንደ ልብ ስለማይገኝ ለዚህ በሽታ ድሮም የሚሰጠው እሱ ነው።

«የህንዱ ይሁን የሀገር ውስጡ?»

አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ገብታችሁ አሞክሳሲሊን ስትጠይቁ ባለሙያው መልሶ ይጠይቃችኋል። የህንዱ ይሁን? የሀገር ውስጡ ይሁን? የአውሮፓም አለ፣ ግን ወደድ ይላል። ኪሳችሁን አይታችሁ ትመርጣላችሁ። የማትፈልጉ ከሆነም ጎን ያለው ፋርማሲ ትሄዳላችሁ።

የቆየ መድኃኒት ዋጋ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው። ፓተንት ሲያልፍ ዋጋ በራሱ አይወርድም። ብዙ ሠሪ ሲገባ ነው የሚወርደው። ፓተንት ማለፉ በሩን ይከፍታል እንጂ ማንንም ጎትቶ አያስገባም።

ታዲያ ለምን ማንም አልገባም? አሜሪካ ውስጥ በዓመት ዳራፕሪም የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። ዋጋው አንድ ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ ለዚያ ገበያ ማንም ፋብሪካ አያሰናዳም። በ2010 ግላክሶ ስሚዝ ክላይን መብቱን ሸጠ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋጋውም አብሮ ከፍ አለ። 13 ዶላር ከ50 የደረሰው እንዲያ ነው። አዲስ ተፎካካሪ ለመግባት ደግሞ ጥናት ይሠራል፣ ለመንግሥት ተቆጣጣሪው ያመለክታል፣ መልስ ይጠብቃል። ያኔ ያ ሁሉ ዓመታት ይፈጅ ነበር። ገንዘቡን አፍስሶ ገበያው በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ነባሩ ሻጭ በአንድ ቀን ዋጋውን ጥሎ ሊያከስረው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ገና ከመነሻው ይተወዋል። የቱሪንግ ስሌት ይኸው ነበር። የገዛው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፣ ባዶ ገበያውንም ነው።

ባዶነቱ እንዲቆይም ተሠርቶበታል። ጀነሪክ፣ ማለትም ፓተንቱ ያለፈ መድኃኒት ቅጂ፣ የሚሠራ ኩባንያ የራሱ ኪኒን ሰውነት ውስጥ ከዋናው ጋር እኩል መሥራቱን በሙከራ ማሳየት አለበት። ለዚህ ዋናውን መድኃኒት በብዛት መግዛት ይኖርበታል። ዳራፕሪም ግን ከተራው የመድኃኒት ንግድ ወጥቶ በጥቂት የተመረጡ አከፋፋዮች እጅ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። አከፋፋዮቹ ለጀነሪክ ሠሪ እንዳይሸጡ በውል ታሰሩ። አንድ ገዢ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ብልቃጥ ሳይቀር ተገደበ። ዋናውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ኩባንያዎችም ለሌላ እንዳይሸጡ ተዋዋሉ። ገበያው ምን ያህል እንደሆነ ተፎካካሪ እንዳያውቅም የሽያጭ መረጃው እንዲሸሸግ ለአከፋፋዮች ተከፈለ።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ኒው ዮርክን ጨምሮ ሰባት ስቴቶች ከስሰው፣ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ዴኒዝ ኮት በጥር 2022 የወሰኑበት ጉዳይ ነው። ሽክሬሊ 64.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስና ዕድሜ ልኩን ከመድኃኒት ኢንዱስትሪ እንዲታገድ ፈረዱ።

በ2016 ደግሞ ሲድኒ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ 3.7 ግራም ፒሪሜታሚን ሠሩ። ወጪያቸው 20 የአውስትራሊያ ዶላር። በቱሪንግ ዋጋ ቢተመን ከ110 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ንጥረ ነገሩን መሥራት የተፈቀደ መድኃኒት መሥራት ማለት አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ከመሥራቱ ችግር ጋር እንደማይገናኝ ልጆቹ በግልጽ አሳዩ። የመጀመሪያው ጀነሪክ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በየካቲት 2020 ነው። ዋጋው ከተሰቀለ አራት ዓመት ተኩል አልፎ ነበር።

አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው ሽክሬሊ የታሰረው በመድኃኒቱ ዋጋ ይመስለዋል። አይደለም። ሰባት ዓመት የተፈረደበት ቀድሞ ያስተዳድረው በነበረው ገንዘብ ባለሀብቶችን በማታለል ነው። የዳኛ ኮት ውሳኔም ቢሆን ተፎካካሪን ስለማገድ ነው የሚያወራው። 750 ዶላር ማለቱ በራሱ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጥፋት አልነበረም። ዛሬም አይደለም። በዚያው በ2015 የካቲት ወር ቫሊያንት የሚባለው ኩባንያ አይሱፕሬልና ናይትሮፕሬስ የሚባሉ ሁለት የቆዩ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችን ገዝቶ በገዛበት ዕለት የአንዱን ዋጋ 525 በመቶ፣ የሌላውን 212 በመቶ ጨምሯል። መንገዱ የአንድ ሰው ፈጠራ አልነበረም። ሰውየው ባይኖርም ሌላ ያደርገው ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

ስሙን አውልቆ ዋጋውን መስቀል

አውሮፓ መንግሥት በመድኃኒት ዋጋ ይደራደራል። ስለዚህ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም የሚል ሰው ይኖራል። ደርሷል።

ፌኒቶይን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ለበሽታው ማገልገል የጀመረው በ1938 ነው። እንግሊዝ ሀገር ፋይዘር ኤፓኑቲን በሚል ስም ይሸጠው ነበር። እዚያ የንግድ ስም ያለው መድኃኒት ዋጋ ቁጥጥር አለበት። ስም የሌለውን ጀነሪክ ግን ውድድሩ ራሱ ዋጋውን ይይዘዋል ተብሎ ያኔ ለገበያው ተትቶ ነበር። በመስከረም 2012 ፋይዘር የመድኃኒቱን ሽያጭ ፍሊን ለሚባል ትንሽ ኩባንያ አስተላለፈ። ፍሊን ስሙን አወለቀው። እንክብሉ ያው ነው። የሚያመርተውም ያው ፋይዘር ነው። ስሙ ሲወልቅ ግን ቁጥጥሩም አብሮ ወለቀ። 2.83 ፓውንድ የነበረው ፓኬት 67.50 ፓውንድ ገባ። የሀገሪቱ የጤና አገልግሎት በዓመት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያወጣበት የነበረ መድኃኒት በ2013 ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደ።

«ሌላ ሠሪ ፈልጉ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በአንዱ ሠሪ ፌኒቶይን ከተረጋጋ ወደ ሌላው ባይዛወር ይመረጣል። ትንሽ የመጠን ልዩነት በሽታውን ሊያስነሣበት ይችላል። መንገድ ሲያቋርጥ ሊጥለው ይችላል። በሽተኛው አማራጭ እያለውም አማራጭ የለውም። የእንግሊዝ የውድድር ባለሥልጣን በ2016 ፋይዘርን 84.2 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ፍሊንን 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። የይግባኝ ችሎት በ2018 ሻረው። ባለሥልጣኑ ጉዳዩን እንደገና አጣርቶ በ2022 በድምሩ ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ አላበቃም። የአሥር ዓመት ሙግት ለአንድ እንክብል።

ጣሊያን ውስጥ ደግሞ አስፐን የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ነበር። በ2009 ከግላክሶ ስሚዝ ክላይን የቆዩ የካንሰር መድኃኒቶች ገዝቷል። በ2014 የጣሊያን ዋጋቸው እስከ 1,500 በመቶ እንዲጨምር አደረገ። በድርድሩ ላይ የያዘው መሣሪያ አቅርቦቱን አቆማለሁ የሚል ማስፈራሪያ ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሜርካፕቶፑሪን ነው። አዎ፣ የገርትሩድ ኤልየን ሜርካፕቶፑሪን። አያታቸውን ካንሰር የወሰደባቸው ልጅ አድገው ለሕፃናት የሠሩት መድኃኒት። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

የጣሊያን ባለሥልጣን ኩባንያውን ወደ 5.2 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። የአውሮፓ ኮሚሽንም ጉዳዩን ያዘ። በ2021 አስፐን የስድስት መድኃኒቶቹን ዋጋ በአማካይ 73 በመቶ ሊቀንስ ተስማማ። ልዩነቱን አያችሁት? አውሮፓ ውስጥ ገበያውን ብቻውን የያዘ ኩባንያ ያልተገባ ዋጋ መጠየቁ በራሱ ጥፋት ነው። ፍርዱ ይዘገያል፣ ግን የሚከሰስበት ሕግ አለ።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ ለማውጣት የሞከረች ስቴት አለች። ሜሪላንድ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይህ የራሳችሁ ስቴት ታሪክ ነው። በ2017 የወጣው ሕግ የቆዩና አስፈላጊ የሆኑ ጀነሪክ መድኃኒቶችን ዋጋ ያለ በቂ ምክንያት መስቀልን ከለከለ። የጀነሪክ አምራቾች ማኅበር ከሰሰ። በሚያዝያ 2018 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉን ጣለው። ምክንያቱ ሕጉ ከሜሪላንድ ውጭ የሚደረግ ሽያጭን ይነካል የሚል ነው። ፋብሪካው ሌላ ስቴት፣ ጅምላ ሻጩ ሌላ ስቴት። ክፍያው ብቻ ሜሪላንድ ይመጣል። እንደ እኔ እምነት የተሸነፈው ሕግ ትክክለኛውን ቦታ ነክቶ ነበር። መፈጸም ያለበት ግን በፌዴራል ደረጃ ነው።

አንዳንድ ነገር ተሻሽሏል። በ2019 መጨረሻ የወጣ ሕግ ለሙከራ የሚሆን መድኃኒት የተከለከለ ጀነሪክ ሠሪ እንዲከስስ ፈቅዷል። የዳራፕሪም ዓይነቱን አንዱን ቁልፍ የሚሰብር ነው። ኢንሱሊን ላይም ለውጥ አለ። በ1923 ፈልሳፊዎቹ ፓተንቱን እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሸጠውት ነበር። ይሁንና ሁማሎግ የሚባለው ዘመናዊ ዓይነት በ1996 ብልቃጡ 21 ዶላር ነበር፣ ኋላ 275 ዶላር ገደማ ደረሰ። ከጥር 2023 ጀምሮ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያላቸው አረጋውያን በወር ለአንድ ኢንሱሊን ከ35 ዶላር በላይ አይከፍሉም። ሜዲኬር የሌላት፣ ልጆቿን ልትጠይቅ በቪዛ የመጣች እናት ግን በዚህ ውስጥ የለችም።

ርካሽ ሲሆንስ?

ሀገር ቤት ያለው የመድኃኒት ዋጋ ንረት ሌላ ምክንያት አለው። መድኃኒቱ አብዛኛው ከውጭ ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያን የሚያህል ለውጥ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ይህ የቱሪንግ ዓይነት ነገር አይደለም፣ መቀላቀል የለበትም።

እኛን በቀጥታ የሚነካን የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊንን ውሰዱ። የቶንሲል ሕመም ልብ ላይ ወርዶ ሩማቲክ የልብ ሕመም የያዘው ልጅ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይወጋዋል። ለዓመታት። መርፌው ያማል። ልጁ ከቀጠሮው ቀን በፊት ማታ ጀምሮ ያኮርፋል። እናቱ እያባበለች ትወስደዋለች። መድኃኒቱ ከሰባት አሥርት ዓመታት በላይ ያገለገለ ነው፣ በጣም ርካሽ ነው። ርካሽነቱ ግን አምራቾችን አሸሻቸው። ዋናውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት በመላው ዓለም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሲያቆም መድኃኒቱ ከብዙ ሀገር ይጠፋል። በ2016 የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ እጥረቱ ተነሥቷል። በ2023 አሜሪካ ራሷ አጥታ ከውጭ አስገብታለች።

ዳራፕሪም ተወደደ፣ ቤንዛቲን ጠፋ። ለእኔ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ሠሪ ብቻ የቀረለት መድኃኒት ሠሪው ሲፈልግ ይወደዳል፣ ሲሰለቸው ይጠፋል። ዋጋ ሰቃዩን መቅጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን ቅጣቱ ብቻውን ሁለተኛ ፋብሪካ አያቆምም። ሁለተኛው ፋብሪካ የሚቆመው ገዢዎች ተሰባስበው የረጅም ጊዜ ግዢ ቃል ሲገቡለት ነው። በ2018 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ገንዘብ አዋጥተው ሲቪካ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ አምራች ያቋቋሙት ይህንን አይተው ነው። የአፍሪካ ሀገሮችም በጋራ ለመግዛት የሚያደርጉት ሙከራ በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ2017 ጀምሮ አንድ ዝርዝር ያወጣል። ፓተንታቸው ያለፈ፣ ሌላ የሕግ ከለላም የሌላቸው፣ ግን አንድም ጀነሪክ ያልተፈቀደላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። የወጣው ጀነሪክ ሠሪዎች አይተው እንዲገቡባቸው ነው። ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ቀጣዩን ዳራፕሪም የሚፈልግ ባለገንዘብም ጭምር። ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። በሽተኛው የሚያውቀው ግን ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆሞ ሒሳቡ ሲነገረው ነው።